አልዘጋ ያለው ሙቅ ውሃ

"ዝጊው ቲቸር! ዝጊው እንጂ!"

"ዘግቼዋለሁ እኮ!" አስተማሪዋ ግቢው ጥግ የውሃ ቆጣሪው ሥር ተንበርክካ መዝጊያውን በሁለት እጇ ይዛዋለች። እስከ መጨረሻው ስላዞረችው ከዚህ በኋላ ቢሰበር እንጂ አይዞርም። "ጋሼ፣ ዘግቼዋለሁ!"

"ታዲያ ይሄ ከሰማይ ነው የሚዘንበው?"

እጇን በቀሚሷ እየጠረገች ሮጣ ገባች። መታጠቢያ ቤቱ በእንፋሎት ታፍኗል። ቧንቧ ሠራተኛው ሙቅና ቀዝቃዛ የሚቀላቅለውን፣ ግማሽ የተፈታውን አሮጌ የሻወር ሚክሰር በደረቱ ደግፎ፣ ፊቱን ወደ በሩ አዙሮ ቆሟል። በግራ በኩል ካለው ቧንቧ ሙቅ ውሃ እየተፈናጠረ ሸሚዙን ከደረቱ ጋር አጣብቆታል።

"ኧረ ለበለበኝ! ያን ፎጣ አቀብይኝ!"

አቀበለችው። ፎጣውን ጠምጥሞ፣ ብሎኑን እየተሳደበ መልሶ አጠበቀው፤ ውሃው ወደ ጠብታ ወረደ። ከዚያ የተደፋ ባልዲ ላይ ዘፍ አለና መነጽሩን አውልቆ በራሰው ሸሚዙ ይጠርግ ጀመር። መነጽሩ የባሰ ደበዘዘ።

ሰፈሩ ይህን ሰው "አያፈስም" እያለ ነው የሚጠራው። ሥራ ጨርሶ ዕቃውን ሲሰበስብ የቤቱ ባለቤት "ይሄ ነገር ደግሞ አያፈስም አይደል?" ብሎ መጠየቁ አይቀርም፤ እሱም መዳፉን እንደሚምል ሰው ከፍ አድርጎ "አያፈስም!" ይላል። እውነቱን ለመናገር አንዳንዴ ያፈሳል። ቢሆንም ሲጠሩት ይመጣል፤ ያፈሰሰበትንም ያለ ክፍያ መልሶ ይሠራል፤ ከዚህ በላይ ምን ይፈለጋል?

"በይ ቁጭ በይና አስረጂኝ፣" አለ። "ቆጣሪውን ዘጋሽ። ቀዝቃዛው ወዲያው ደረቀ፤ ይሄውና ጠብ አይልም። ኩሽና ያለውን ቦይለርሽን እኔ ራሴ ነኝ የዘጋሁት፣ ውሃውንም መብራቱንም። ታዲያ ይሄ ሙቅ ውሃ የማን ነው?"

"የእኛ ነዋ! ከቦይለሩ ነው የሚመጣው።"

"ከቦይለሩስ አይመጣም። እርግጠኛ ነሽ አንድ ቦይለር ብቻ ነው ያለሽ?"

"ምን አለበት ሁለት ቢኖረኝ! አንዱስ በስንት መከራ ነው የተሰቀለው።" አለችና አንድ ነገር ትዝ አላት። ባለፈው ዓመት ቦይለሩ ተበላሽቶ ሳምንት ሙሉ ኩሽና ውስጥ በበረዶ ውሃ ዕቃ ስታጥብ ገላ መታጠቢያው እንደወትሮው ሙቅ ነበር። እሷ ሂሳብ አስተማሪ ናት፤ የነገሩ ስሌት አልመጣላትም። ባሏን ስትጠይቀው ግን፣ "ጥሩ ቦይለር ነው፤ ሙቀት ይይዛል፣" ብሎ አስረዳት። ባሏ የረጅም መንገድ ሹፌር ነው፤ ስለ ሞተር እንጂ ስለ ቦይለር አያውቅም። እሷም አምናው ተወችው።

አያፈስም ተነሥቶ በመፍቻው እጀታ ግድግዳውን ከሚክሰሩ ጀምሮ ቀስ እያለ ይመታ ጀመር፤ እንደ ሐኪም ጆሮውን ሴራሚኩ ላይ ለጥፎ ያዳምጣል። ወደ ቀኝ፣ ወደ ኩሽናው በኩል መታ። ወደ ላይ መታ። ከዚያ አዲሱን ሚክሰር ከካርቶኑ አውጥቶ በሜትር ለካው፤ ግድግዳውንም ለካ፤ ደግሞ ለካ።

"አዲሱ በሁለቱ ጫፍ መሃል አሥራ አምስት ሳንቲም ይፈልጋል፤ ዓለም ላይ ያለው ሁሉ እንደዚያ ነው። ግድግዳሽ አሥራ አንድ ተኩል ነው። ሙቁ ደግሞ ከቀዝቃዛው ይልቅ ወደ ውስጥ ገብቷል፤ ያውም አንገቱን ሰብሮ። ይሄን የቀበረ ሰው ሜትር የሚባል ነገር አያውቅም እንዴ? ዓይኑን ጨፍኖ ነው የሠራው?"

"አባቴ ናቸው።"

"ነፍሳቸውን ይማር፣" አለ አያፈስም ሳይደነግጥ። "ጎበዝ ሰው ነበሩ መቼም። የአባት ዕዳ ለልጅ የተባለው ለእንዲህ ያለው ቧንቧ ነው።"

አስተማሪዋ ሳቀች። አባቷን ያወቀ ሁሉ እንዲህ ነው የሚላቸው። የመዝገብ ቤት ጸሐፊ ነበሩ፤ ግን ከምስማር እስከ ጣሪያ በራሳቸው እጅ ካልሠሩት እንቅልፍ አይወስዳቸውም። ልኬታቸው ስንዝርና ዓይን ነበር።

ሠራተኛው የግንብ መፈልፈያ ስካርፔሎና መዶሻ አወጣ። በሙቁ ቧንቧ ዙሪያ አንድ ሴራሚክ ሰበረ፤ ከሥሩ ያለውን ልስን ፈለፈለ። ሲሚንቶው አልቆ የተጨመደደ ጋዜጣ ብቅ አለ። ጋዜጣውን ሲጎትተው ሌላ ጋዜጣ ተከተለ። ከዚያ ቧንቧው በግንቡ ውስጥ ቀጥ ብሎ ወደ ወዲያ ሲያልፍ፣ በዙሪያውም ጡጫ የሚያስገባ ቀዳዳ ታየ።

"ተገኘ!" አለ። "ወደ ኩሽናሽ መቼ ሄደና። ቀጥ ብሎ ወዲያ ነው የሚያልፈው። ከዚህ ግድግዳ ወዲያ ማን አለ?"

አስተማሪዋ ወደ ቀዳዳው ጎንበስ አለች። በቀዳዳው የሳህን ድምፅ ይሰማል። አንድ ሰው ዕቃ እያጠበ ነው።

ቤቱ ድሮ አንድ ነበር። አባታቸው ሁለቱ ሴት ልጆቻቸው ነገ ከነገ ወዲያ እንዳይጣሉ ብለው በቁማቸው ለሁለት ከፈሉት፤ ኮሪደሩ መሃል ግንብ አቆሙ፤ በርና የውሃ ቆጣሪ ለየብቻ አወጡ። አሮጌው ኩሽና ለታላቋ፣ አሮጌው መታጠቢያ ቤት ለታናሿ፣ ለአስተማሪዋ ደረሰ። ታላቋ አዲስ መታጠቢያ ቤት አሠራች፤ ታናሿ አዲስ ኩሽና አሠርታ አዲስ ቦይለር ሰቀለች። ቦይለሩን የሰቀለው ሰው "ለመታጠቢያ ቤቱም ቀጥልልን" ሲባል ገብቶ የሻወሩን ቧንቧ ከፈተ፤ ሙቅ ውሃ መጣለት። "ይሄው ደርሷል!" ብሎ ሂሳቡን ተቀብሎ ሄደ። የደረሰው ግን ከአባታቸው አሮጌ ቦይለር ነበር። እሱ ደግሞ ዛሬም ድረስ በታላቋ ኩሽና ውስጥ ተሰቅሏል።

"እህቴ ናት ያለችው፣" አለች በመጨረሻ።

"አትይኝም! ታዲያ ምን ያስጨንቃል? እህትሽ ከሆነች መዝጊያው እሷ ጋ ነው፤ ዘለል በይና ዝጊልን በያት። ስምንት ሰዓት ክፍል አለብኝ አላልሽም?"

"አልሄድም።"

"ምነው?"

"አንነጋገርም።"

አያፈስም መዶሻውን አስቀመጠ። ብዙ ቤት የገባ ሰው ነው፤ የትኛውን ብሎን መንካት እንደሌለበት ያውቃል። "እሺ፣" አለ። "እንግዲህ እኔ ልሂድ። ምን ልበላት?"

"ዝጊ ይበሏት። ሌላ ምንም አይበሉ።"

ወጣ። የግቢው በር ተንቋቋ፤ ብዙም ሳይቆይ የወዲያኛው በር ተንኳኳ። አስተማሪዋ የመታጠቢያ ገንዳው ጠርዝ ላይ ተቀመጠች። ተነሥታ ወደ ሳሎን መሄድ ትችል ነበር፤ ግን አልሄደችም፤ በቀዳዳው የሚሰማውን መስማት ፈልጋለች። የሳህኑ ድምፅ ቆመ። የእህቷ ድምፅ፣ ያ ሁልጊዜ ትንሽ ጉንፋን የያዘው የሚመስለው ድምፅ፣ "ግቡ ጋሼ፣" አለ። ሌላው አልተለየላትም። ጥቂት ቆይቶ ከሚክሰሩ የሚወርደው ጠብታ እየራቀ፣ እየራቀ ሄዶ ቆመ።

እነሆ ጠቡ እንዲህ ነው።

ከአራት ዓመት በፊት አስተማሪዋ አርግዛ ነበር። ከዚያ በፊት ሁለት ጊዜ አስወርዷታል። በሦስተኛው ሐኪሙ ከአልጋ አትውረጂ፣ ድንጋጤም እንዳይነካሽ ብሎ አዘዘ፤ ባሏ መንገድ ላይ ስለሚውል ሌላ ከተማ እናቱ ቤት ወስዶ አስተኛት። እናቷ እዚህ ታላቋ ጋ ነበሩ። ማታ ማታ ትደውላለች፤ ታላቋ ስልኩን ለእናታቸው ታቀርባለች፤ እናትና ልጅ ያወራሉ። አንድ ማታ ታላቋ፣ "እማዬ ተኝታለች፤ ሰላም ብላሻለች፣" አለች። በማግስቱም ተኝታለች። በሦስተኛው ቀን፣ "ጉሮሮዋን አሟት ድምፅ የላትም፤ እግርሽን ከፍ አድርገሽ ተኚ ብላሻለች፣" አለቻት። አስተማሪዋም እግሯን ከፍ አድርጋ ተኛች። ሃያ ሦስት ቀን እንዲህ ሆነ። ልጅ ተወልዳ፣ ደኅና መሆኗ ታውቆ፣ በአሥረኛው ቀን መርዶ ሲነገራት እናቷ ከተቀበሩ ከወር በላይ ሆኗቸው ነበር።

ባሏንም አኩርፋው ነበር። ባል ግን አብሮ ያድራል፤ ይታረቃል። ሌላው ዘመድ ዝም ነው ያለው፤ ዝም ያለ ሰው ምሕረት ያገኛል። ታላቋ ግን ዝም አላለችም፤ ሃያ ሦስት ማታ ሙሉ የሞተች እናት ሰላምታ እያቀበለች ነበር። አስተማሪዋ ወደ ቤቷ ስትመለስ ለቅሶው አልቆ፣ ወንበሩ ተመልሶ፣ የእናቷ ልብስ ተሰጥቶ ጠበቃት። ታላቋ እጇን ዘርግታ ስትመጣ፣ "አንቺን ሁለተኛ ማየት አልፈልግም፣" አለቻት። አራት ዓመት ሙሉ በር ላይ ሲገጣጠሙ አንዷ ቦርሳዋን ትበረብራለች፣ ሌላዋ ሰማይ ታያለች። አስተማሪዋ ቤት የታላቋ ስም ሲነሣ "የወዲያዋ" ነው የምትባለው።

ከሁሉ የሚያንገበግባት ግን ታላቋ ልክ መሆኗ ነው። ሁሉም ሰው ልክ ናት ይላል። ሐኪሙም ብሏል። ልጅቷ ዛሬ መዋዕለ ሕፃናት ናት፤ ስትሮጥ ቤቱ ይናወጣል። አስተማሪ ናትና ልክ የሆነን መልስ ኤክስ ማድረግ አይሆንላትም። የተሳሳተ ሰው ይቅር ይባላል፤ ልክ የሆነን ሰው ግን ምን ይሉታል? ይህን ጥያቄ ማንንም ጠይቃ አታውቅም።

አያፈስም ሲመለስ ፊቱ ሌላ ሆኗል። ወሬ የያዘ ሰው ፊት።

"ዘጋችልን፣" አለና ሚክሰሩን መፍታት ጀመረ። አንድ ብሎን ፈታ። ሁለተኛውን ፈታ። አላስቻለውም። "ቲቸር፣ ምንም አይበሉ ብለሽኛል፤ እኔም ምንም አላልኩም። ያየሁትን መናገር ግን አልከለከልሽኝም።"

"ምን አዩ?"

"መዝጊያው ዕቃ ማጠቢያዋ ሥር ነው። ጨርቅ ተጠምጥሞበታል፤ ጨርቁ ላይ በወረቀት 'እንዳይዘጋ' ተብሎ ተጽፏል፤ በፕላስተር ተለጥፎ። ወረቀቱ ቢጫ ሆኗል፤ የዛሬ አይደለም። ይሄ ምንድን ነው ብላት፣ 'ልጆቹ እንዳይነኩብኝ፤ እህቴ ጋ ውሃ ይቋረጥባታል' አለችኝ።"

አስተማሪዋ ከገንዳው ጠርዝ ተነሣች። "ታውቃለች?"

"እንዴት አታውቅ? ቦይለሩ የእሷ ነው። እናንተ ጠዋት ስትታጠቡ ባዶ ይሆናል። 'እኛ ማታ ነው የምንታጠበው፤ ጠዋት ለእነሱ እንዲበቃቸው፣' ነው ያለችው።" አሮጌውን ሚክሰር ነቅሎ መሬት አስቀመጠው። "ልጅቷ ሳሏ ተሻላት ወይ ብላም ጠየቀችኝ። በግድግዳው ይሰማታል መሰለኝ። እኔ ደግሞ የቷ ልጅ እንደሆነች አላውቅም፤ ተሽሏታል አልኳት።"

አስተማሪዋ ልቧ እንደሚለሰልስ የጠበቀ ሰው ካለ ተሳስቷል። የመጣባት ንዴት ነው፤ ጆሮዋ እስኪሞቅ ድረስ።

"አሁንም!" አለች። "አሁንም ደበቀችኝ! አራት ዓመት ሙሉ በእሷ ውሃ እየታጠብኩ፣ በሯ ላይ ፊቴን ሳዞርባት በሆዷ ምን እያለች ነበር? ማን ለመናት? ሁልጊዜ እሷ ለእኔ ስትል፣ ሁልጊዜ እኔ ሳላውቅ! እኔ ሕፃን ነኝ?"

"ቲቸር፣ ቀስ በይ፤ ቀዳዳው ክፍት ነው።"

"ትስማ!" አለች፤ ግን ድምፅዋን ቀነሰች።

አያፈስም ራሱን አከከ። "እንግዲህ መንገዱ ሁለት ነው። አንደኛው፣ ሙቁን እንዳለ እንተወውና የተቆለመመ ማገናኛ ሁለት ገዝቼ አዲሱን ሚክሰር አቃናለሁ፤ የሰዓት ሥራ ነው። ሁለተኛው፣ ከኩሽናሽ ቦይለር አዲስ መስመር በኮርኒሱ አምጥቼ እዚህ አወርድልሻለሁ፤ ይሄን የወዲያውን እደፍነዋለሁ። እስከ ማታ ይፈጃል። ግን ከማንም አትጠብቂም።"

"ይድፈኑት።"

"ነገ ብታስቢበትስ? ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል ይላሉ።"

"ጋሼ፣ ይድፈኑት አልኩ!"

"እሺ። መድፈኛው ግን እዚህ የለኝም፤ ከሱቅ ላምጣ።" ኮቱን በራሰው ሸሚዙ ላይ ደርቦ ወጣ።

ብቻዋን ቀረች። መጥረጊያ አመጣችና የሴራሚኩን ስብርባሪና የአባቷን ጋዜጣ ወደ ጥግ ትጠርግ ጀመር። ሁለቱ ቧንቧዎች ከግድግዳው እንደ ተከፈተ አፍ ወጥተዋል። ደስ ይለኛል ብላ ነበር፤ ደስታው ግን አልመጣላትም። በሐሳቧ ከዚህ በኋላ ታላቋ ጠዋት ቦይለሯ ሙሉ ሆኖ ታገኘዋለች፤ ለምን እንደሆነም ወዲያው ይገባታል። ይህን ስታስብ የበለጠ ተናደደችና በኃይል ጠረገች።

"ጋሼ!"

መጥረጊያው እጇ ላይ ቆመ። ድምፁ የመጣው ከቀዳዳው ነው፤ ጆሮዋ ሥር የሚያወራ ያህል ቅርብ።

"ጋሼ፣ ጨረሱ እንዴ? ልክፈተው?"

አስተማሪዋ ወደ ቀዳዳው ዞረች። ዝም ብትል ማን ያውቃል? ሠራተኛው የለም ብላ ትተወው ይሆናል።

"ምነው ዝም አሉ? እንግዲያው ልክፈተውና ይሞክሩት።" ከማዶ የጨርቅ መፍታት ድምፅ ተሰማ።

ቧንቧው አፉን ከፍቶ ወደ እሷ ዞሯል። ዕቃ መክተቻው፣ ፎጣዎቹ፣ አዲሱ ካርቶን ሁሉ መሬት ላይ ነው።

"አትክፈቺው!"

አለች። አራት ዓመት ሙሉ ለእህቷ ከተናገረችው ቃል ይሄ የመጀመሪያው ነው፤ ያውም ጩኸት።

ከማዶ የጨርቁ ድምፅ ቆመ። ሁለቱም በግንቡ ግራና ቀኝ ቆመው አንዷ የሌላዋን ትንፋሽ ይሰማሉ።

"እሺ፣" አለች ታላቋ። ቀጥላም፣ "ነካሽ እንዴ? ለበለበሽ?"

"አልነካኝም።"

"ጎሽ።"

እዚያ ላይ ሊያበቃ ይችል ነበር። ታላቋ እግሯን ስታነሣ ጫማዋ ተሰማ። አስተማሪዋ ግን ከአፏ አመለጣት፤ "ለምን አልነገርሽኝም?"

ጫማው ቆመ። "የቱን?" አለች ታላቋ።

አስተማሪዋ የጠየቀችው ስለ ውሃው ነበር። "የቱን?" ሲሏት ግን መጥረጊያዋን ግድግዳው ላይ አስደገፈች፤ መልሳ አነሣችው።

"ውሃውን፣" አለች።

"ብነግርሽ ትዘጊዋለሽ ብዬ።"

አስተማሪዋ ወደ በሩ አየች። ሠራተኛው መድፈኛ ሊገዛ ከወጣ አሥር ደቂቃ አልሞላውም። ይህች ሴት፣ አራት ዓመት አንድ ቃል ሳይለዋወጡ፣ ልቧን እንደ ድሮው ታነበዋለች። የእናት ሆድ ዥንጉርጉር ነው ይባላል፤ አንዷን ቁጡ፣ አንዷን ድብቅ አድርጎ ያወጣል።

ቀዳዳው አጠገብ ተንበረከከች። ፊቷ አይታይምና መጠየቁ ቀለላት።

"ያኔ ማታ ማታ ስደውልልሽ፣" አለች፤ "የት ሆነሽ ነበር የምታነሺው?"

የታላቋ ጫማ ወደ ቀዳዳው ጠጋ አለ። "እዚሁ። ኩሽና።"

"ማን ነበር ቤት ውስጥ?"

"ለቀስተኛ ነዋ። ሳሎኑ ሞልቶ፣ ኮሪደሩም ሞልቶ። ስልኩ ሲጮህ 'እሷ ናት' እላለሁ፤ ሁሉም ዝም ይሉልኛል። የሚያለቅሰው ማልቀሱን ያቆማል፤ ሕፃን ያለው አፉን ይይዘዋል። ድምፄ እንዳያስነቃብኝ ውሃ እጠጣና አነሣዋለሁ። ከዘጋሽው በኋላ 'ጨረሰች' እላቸዋለሁ፤ ይቀጥላሉ።"

አስተማሪዋ ያንን ጸጥታ አሁን አስታወሰችው። በስልኩ ውስጥ ቤቱ ምንኛ ጸጥ ያለ ነበር! እናቷ ተኝታ ነው ብላ፣ እንዳትቀሰቅሳት ብላ፣ እሷም ቀስ ብላ ታወራ ነበር። ያ ሁሉ ሰው ለእሷ ሲል ትንፋሹን ይዞ ኖሯል። መሃላቸው ደግሞ እናቷ የሞተችባት አንዲት ሴት ስልክ ይዛ ቆማ "ሰላም ብላሻለች" ትላለች። አራት ዓመት የታሰባት የራሷ መታለል ብቻ ነበር። እህቷ ኩሽና ውስጥ ውሃ ስትጠጣ አንድም ቀን ታይታት አታውቅም።

"ብዙ ሰው መጣ?" አለች፤ ሌላ የምትለው ጠፍቷት።

"ብዙ። ያላሰብኩት ሰው ሁሉ። የድሮ ጎረቤቶቻችን፣ የአባዬ መሥሪያ ቤት ሰዎች።" ድምፅዋ ትንሽ ተንቀጠቀጠ፤ አስተካከለችው። ማስተካከል ትችልበታለች። "አንቺ ብቻ ነሽ የቀረሽው።"

ይህን ያለችው ለወቀሳ አልነበረም፤ ወቀሳ ቢሆን ኖሮ አስተማሪዋ ትችለው ነበር። እንባዋ መጣ፤ አልጠረገችውም።

የግቢው በር ተንቋቋና አያፈስም አንድ ትንሽ ነሐስ በመዳፉ ይዞ ገባ። ደንበኛው ስብርባሪ ላይ ተንበርክካ፣ ፊቷን ወደ ግድግዳው አድርጋ ስታለቅስ አየ። የሱቁን ዋጋ ሊያማርር የከፈተውን አፉን ዘጋ።

"ቲቸር፣ መጣሁ፣" አለ ቀስ ብሎ። "መድፈኛው ይሄው።"

ዞር ብላ መዳፉ ላይ ያለውን ነሐስ አየችው። "ይመልሱልኛል?"

"መመለሱንስ እመልሰዋለሁ። ባለሱቁ ያውቀኛል።"

"እንግዲያው ይመልሱት። የተቆለመመውን ማገናኛ ይግዙና እንደነበረው ይቀጥሉት።"

"ከወዲያው?"

"ከወዲያው።"

አያፈስም ነሐሱን ኪሱ ከተተና አልሄደም። "እነሱንስ ገዝቻቸው ነው የመጣሁት፤ ሁለቱንም፣" አለ ከሌላው ኪሱ እያወጣ። "መንገድ ላይ ሳስበው ሁለት ጊዜ ከምመላለስ ብዬ ነው። እንጂ ሌላ ነገር አይምሰልሽ።"

አስተማሪዋ በእንባዋ መሃል ሳቅ አለች። ከማዶም አንድ ሰው አፍንጫውን ሲያጸዳ ተሰማ። አያፈስም ይህን እንዳልሰማ ሆኖ ማገናኛዎቹ ላይ ውሃ እንዳያፈሱ ቴፍሎን ይጠመጥም ጀመር።

እሷ ፊቷን ታጠበችና ሳሎን ገባች። ሰዓቱን አየች፤ ሰባት ሊሆን ነው። ልብስ ቀይራ ብትወጣ ለስምንቱ ክፍል በደንብ ትደርሳለች። የተማሪዎቹ የፈተና ወረቀት ታርሞ፣ ተደምሮ ተቀምጧል፤ ዛሬ ልትመልስላቸው ነበር። ወረቀቱን አነሣች፤ መልሳ አስቀመጠችው። ስልኳን አንሥታ ለርዕሰ መምህሩ ደወለች።

"ከሰዓት አልገባም፤ ይቅርታ ያድርጉልኝ፣" አለችው።

"ምነው፣ ደኅና አይደለሽም? ቧንቧው ነው?"

"ቧንቧው ደኅና ነው። ለቅሶ ልደርስ ነው።"

"ውይ፣ ውይ! የማን ለቅሶ?"

አስተማሪዋ ነጠላዋን ከወንበሩ ላይ አነሣች።

"እህቴ እናቷ ሞታባታለች፣" አለች። "እስከዛሬ አልደረስኳትም።"